በማሞቂያ ክፍሉ ደጃፍ

ጡረታ ስወጣ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። መስታወት የገባለት፣ ማኅተም ያረፈበት ቆንጆ ወረቀት ነው። «በተላላኪነት ላበረከቱት አስተዋጽኦ» ይላል። አመሰገንኩ፣ አብሬያቸው ፎቶ ተነሣሁ፣ ቤቴ ወስጄም ሰቀልኩት። ግን «ተላላኪነት» የምትለዋን ቃል ባየሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ተላላኪ ደብዳቤ ያደርሳል። እኔ ያደረስኩት ሌላ ነው። በወልቂጤም በቡታጅራም በሠራሁባቸው ሆስፒታሎች፣ በተወለደ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሞተን ሕፃን ለወላጆቹ ያስረከብኩ፣ ከእነሱ ጋር የተቀመጥኩ፣ እስከ በር የሸኘኋቸው እኔ ዘበርጋ ነኝ። ይህ ሥራ በሰው ኃይል መዝገብ ላይ ስም የለውም። ስም ስለሌለው እኔ ካልጻፍኩት የሚጽፈው የለም። ከእኔ የተሻለ የሚያውቀውም የለም፤ ይህን ስል ሐኪሞቹንም ጨምሬ ነው።

የተማርኩት እምድብር አጠገብ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። የመድኃኒት ማሸጊያ ውስጥ የሚገባውን ማብራሪያ፣ ነርሶች ከስልጠና ሲመለሱ ጠረጴዛ ላይ የሚረሱትን ጥራዝ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ሁሉ አነባለሁ። ያልገባኝን እጠይቃለሁ። አፌን የፈታሁት በቸሃኛ ነው፣ አማርኛን ከሥራ፣ መስቃንኛንና ስልጤኛን ከቡታጅራ ገበያ ቀሰምኩ። አንድ ወጣት ሐኪም ስለ ጨቅላ አተነፋፈስ ሳወራ ሰምቶኝ፣ «ጋሼ፣ ይህን የት ተማሩት?» አለኝ። «አልጋ እየገፋሁ» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ወልቂጤ ስቀጠር ሥራዬ ወለል መወልወልና በሽተኛ በቃሬዛ ማመላለስ ነበር። ያን ጊዜ የሞተ ጨቅላ የሚወጣው በካርቶን ነው፤ ግሉኮስ በሚመጣበት ካርቶን። ክፋት አልነበረም፤ ሌላ ነገር ያሰበ ሰው አልነበረም እንጂ። አባትየው በጓሮ በር ይጠራል፣ ይፈርማል፣ ካርቶኑን ብብቱ ሥር ይዞ ይሄዳል። እናቲቱ ምንም አታይም። «አራስ ናት፣ ትደነግጣለች» ይባላል። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነበርና እኔም አደርገው ነበር።

ከዚያ ሲስተር ወርቅነሽ መጣች። ከጎጃም ተዛውራ የመጣች አዋላጅ ናት፤ ድምጿ ጎርነን ያለ፣ እርምጃዋ ቀስ ያለ። በመጣች በሁለተኛው ቀን ካርቶኑን ይዤ ስወጣ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ።

«አንተ፣ ምንድን ነው የያዝከው?»

«የሞተ ሕፃን ነው፣ ሲስተር። ለአባቱ ላስረክብ ነው።»

«እኔ የማየው ካርቶን ነው። ልጁን አውጣና አቅፈህ ውሰድ።»

ተናደድኩ። በሥራዬ ማንም ገብቶ አያውቅም። ግን አወጣሁት፣ አቀፍኩት። ጓሮ በር ላይ የቆመው አባት ካርቶን ሲጠብቅ ልጅ ሲመጣለት ያደረገውን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ኮፍያውን አወለቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስተርን መከተል ያዝኩ። አስተምሪኝ አላልኳትም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለመጠየቅ ኩራቴ አይፈቅድም። ዝም ብዬ አየኋት። ወላጅ ጋ ከመሄዷ በፊት ጓንቷን አውልቃ እጇን በሞቀ ውኃ ትታጠባለች። እጇ ንጹሕ ቢሆንም ትታጠባለች። «በቀዝቃዛ እጅ ሐዘንተኛ አይነካም» ትላለች። ቆማ ክፉ ወሬ አትናገርም። የፕላስቲክ ወንበር ስባ ከአልጋው ዝቅ ብላ ትቀመጣለች። ከተናገረች በኋላ ደግሞ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ እኔን እስኪጨንቀኝ ድረስ። እናቲቱ ስታለቅስ ፊቷን አታይም፣ እጇን ነው የምታየው። እጁ የተጨበጠ ሰው ገና አልሰማም፣ እጁ ሲፈታ ነው የሚጠይቀው ትለኝ ነበር። እኔም አረጋግጫለሁ፤ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

«ሌላ ይሰጥሻል» የሚል ሰው ካየች በዓይኗ ታስወጣዋለች። እናቲቱን ልትጠይቅ የመጣችውን ዘመድ ሁሉ በር ላይ ይዛ፣ «ስለዚህኛው አውሪ፣ ስለሚመጣው አታውሪ» ትላለች። አንዴ አንዲት ወፍራም አክስት፣ «እና ምን ልበል ታዲያ?» ብላ ተቆጣቻት። ሲስተርም፣ «ምንም አትበይ። ሾርባውን አጠጫት» አለቻት። አክስቲቱ ሾርባውን አጠጣች፣ ምንም ሳትናገር አንድ ሰዓት ተቀመጠች። ስትወጣ፣ «እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም» አለችኝ።

የእጅ ሙያውን ግን እኔ ነኝ ከሲስተር አልፌ የሄድኩት። እሷም ታምናለች። ጨቅላ አፍንጫው ላይ ቱቦ በፕላስተር ይለጠፍበታል። ፕላስተሩን ከሞተ በኋላ መንጨቅ አይገባም፣ ቆዳው አብሮ ይመጣል። ቫዝሊን ቀብቶ፣ ጠብቆ፣ ከዳር በኩል ቀስ እያሉ ማንሳት ነው። አገጩ ሥር ትንሽ ፋሻ ጠቅልሎ ማድረግ፣ አፉ እንዳይከፈት። አቡጀዲውን ከእግር በኩል ማጠፍ፣ ከዚያ ከቀኝ፣ ከዚያ ከግራ። አንድ እጁን ግን ውጭ መተው። እናት መጀመሪያ የምትፈልገው እጁን ነው። የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ከሆነ ማጠብም መገነዝም የእነሱ ነው፤ እኔ ፕላስተሩን አንስቼ፣ ፊቱን አብሼ፣ ጨርቁን ሳላስር አቅፌ እሰጣለሁ። ክርስቲያን ከሆነና ልጁ ገና ነፍሱ ካለች፣ እንዲጠመቅ ቄስ ይጠራ እንደሆነ በጊዜ እጠይቃለሁ። ይህን ሁሉ የጻፈ መጽሐፍ አላየሁም።

አለቃ በዝቶብኛል። ከሁሉም በላይ ከነርሶቹ አለቃ፣ ከማትሮኑ ጋር ብዙ ተጋጨን። ልጅ የሞተባትን እናት ከወለዱት ጋር አንድ ክፍል ያስተኟት ነበር፤ በግራዋም በቀኟም ሕፃን እያለቀሰ። እኔ ማንንም ሳላስፈቅድ አልጋዋን እየገፋሁ ወደ ሴቶች ክፍል፣ መስኮት ዳር እወስዳታለሁ።

«አንተ ሐኪም ነህ እንዴ አልጋ የምትቀይረው?» አለኝ ማትሮኑ።

«ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሞቹ ሲጨርሱ ነው እኔ የምጀምረው።»

ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። ደብዳቤው የግል ማህደሬ ውስጥ አለ። በኋላ እሱ ራሱ፣ «ያቺን እናት ወደ ዘበርጋ መስኮት ውሰዷት» ማለት ጀመረ።

እንግዲህ ራሴን ይህን ያህል ካመሰገንኩ፣ የወደቅኩበትንም መጻፍ አለብኝ።

ሙሉነሽ የምትባል አስተማሪ ወልቂጤ በኦፕራሲዮን ወለደች። ልጁ ያለ ጊዜው የመጣ ነበርና ማሞቂያ ክፍል ገባ። እሷ ከአልጋ መነሣት ስለማትችል ጡቷን እያለበች በትንሽ ኩባያ ትሰጠኛለች፣ እኔ ለነርሶቹ አደርሳለሁ፣ እነሱ በቱቦ ያጠጡታል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጁ ሞተ። ሲስተር ወርቅነሽ ለስልጠና ሄዳ አልነበረችም። ባሏና የባሏ ታላቅ ወንድም መጡ። ወንድምየው፣ «ቁስሏ እስኪጠግግ አይነገራት። ቤት ወስደን፣ ሰው ሰብስበን እንነግራታለን» አለ። መርዶ በሰው መካከል ነው የሚነገረው፤ ልማዳችን ነው። ነርሷ አመነታች። እኔ ግን፣ «ይህን ለእኔ ተዉት፣ እኔ እይዘዋለሁ» አልኩ። ደረቴን ነፍቼ። ልጁን ቶሎ ቶሎ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው፣ ወስደው ቀበሩት።

ሁለት ቀን ሙሉ ወተቱን ተቀበልኳት። ኮሪደሩን እዞርና መታጠቢያው ላይ እደፋዋለሁ። ኩባያውን አጥቤ እመልሳለሁ።

«ዛሬ በዝቷል አይደል፣ ጋሼ?» ትለኛለች።

«በዝቷል። ጠጥቶ ተኛ።»

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እኔ ግን ነገር ማሳመር እወዳለሁ። «ዛሬ ዓይኑን ገለጠ» አልኳት። «ነርሷን በጣቱ ያዛት» አልኳት። ፊቷ ሲበራ እያየሁ፣ ጥሩ እያስታመምኩ መሰለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ።

ልጁ በሞተ በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ማሞቂያ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ሳለ ዘወር ስል ሙሉነሽ ግድግዳውን ይዛ እየመጣች ነው። በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋለች፣ በአንድ እጇ ኩባያውን ይዛለች። በሩ ሥር ነው ያለው ብዬ የነገርኳት፣ ልጇ የነበረበት ማሞቂያ ውስጥ ሌላ ልጅ ተኝቷል፤ ሴት ልጅ። ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አልጮኸችም።

«ጋሼ፣ ወተቱን የት ነበር የሚያደርጉት?»

ልዋሽ ፈለግሁ፤ አፌ እምቢ አለኝ። «ደፋሁት» አልኩ።

«ዓይኑን ገለጠ ያሉኝስ?»

«ከራሴ ፈጠርኩት» አልኩ።

«እኔ አንድም ቀን አላየሁትም» አለች። «እርስዎ ነዎት ያዩት። እሺ፣ መልኩን ይንገሩኝ። ማንን ይመስላል?»

እዚህ ላይ ነው የወደቅኩት። አላወቅኩም። በገዛ እጄ ጠቅልዬዋለሁ፣ ፊቱን ግን አላየሁትም። ችኮላ ላይ ነበርኩ፤ ወንድምየው ሰዓቱን እያየ ነበር። የስንቱን በሽተኛ ስም በቃሌ የምይዝ ሰው፣ የዚያን ልጅ ፊት አላውቀውም። «ቀይ ነው» አልኩ። «ቀይ ነው? ሁሉም ሕፃን ቀይ ነው» አለችኝ። ነርሷ መጥታ ደግፋ ወሰደቻት።

ሲስተር ወርቅነሽ ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን፣ «ያን ቀን ልጁን ያየ ማን አለ?» ብላ ጠየቀች። ሁለት ነርሶችን አገኘች። አንደኛዋ ጸጉሩ ጥቁርና ብዙ እንደነበር፣ ሌላዋ ደግሞ ጣቶቹ ረዣዥም እንደሆኑ፣ ግራ ጆሮው ላይ ትንሽ ምልክት እንደነበረች አስታወሱ። ሲስተር ሄዳ ለሙሉነሽ ነገረቻት። እኔም ከኋላዋ ገባሁ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኩ። ሙሉነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ ወጣች። ይቅር አላለችኝም፣ ልክ ነበረች። አንድ ነገር ግን አስተማረችኝ። ከዚያ በኋላ በእጄ ያለፈን ልጅ ሁሉ ፊቱን አይቻለሁ። እናት ሳታይ ልጅ እንዳይወጣም ከማንም ጋር ተሟግቻለሁ። ማየት የማትፈልግ እናት አለች፤ እሷን አላስገድድም። ሳትጠየቅ የምትቀር ግን እንዳትኖር።

ሲስተር ጡረታ ወጥታ አገሯ ስትገባ እኔ ወደ ቡታጅራ ተዛወርኩ። እዚያም ስሜ ቶሎ ተሰማ። ነርሶቹ «ጋሼ ይጠሩ» ይላሉ፣ ከጉመር የመጣው ገበሬም ከመስቃን የመጣው ነጋዴም እጄን ይዞ አመስግኖኛል። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ በሰው ከባድ ቀን ውስጥ መግባት ተፈቅዶልኝ ኖርኩ። እንዲህ ያለ ዕድል ስንቱ ባለዲግሪ አላገኘም።

ጡረታ ልወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ የሆነውን ጽፌ ላብቃ።

ዘይነባ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ነበር፤ ወንድ ልጅ። ብዙ ደም ስለፈሰሳት ግሉኮስ ተተክሎላት ተኝታለች። ልጁ መተንፈስ አቅቶት ማሞቂያ ክፍል ሁለት ቀን ቆየና በሦስተኛው ረፋድ ላይ ሞተ። ባሏ ኸይሩ ቡታጅራ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ ወጣት ነው። አባቱ ሐጂ ሱሩር ከገጠር ሚኒባስ ይዘው መጡ። ከእኩለ ቀኑ የዙህር ሰላት በፊት ቀብሩ እንዲያልቅ ፈልገዋል። ሚኒባሱ ግቢ ውስጥ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኳቸው።

«ወአለይኩም ሰላም። ልጁን አምጣልን፣ ወንድሜ።»

«ኢንሻአላህ። እናቱ አይታዋለች?»

«አልሰማችም። አትሰማም። ደሟ ገና አልቆመም። ቤት ስትገባ ሴቶቹ ይነግሯታል።»

«ሐጂ፣ እኔ እዚህ ሥራ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ በዚህ አገር ከእኔ በላይ ይህን ነገር የሚያውቅ…»

«መቶ ዓመት ቆይ» አሉ ቆጣ ብለው። «ምራቴን የማውቃት እኔ ነኝ። አምጣልን።»

ኸይሩ መሬት መሬት ያያል። እኔ የማውቀው ሁሉ እዚያ ላይ አለቀ። ልጁን ቢወስዱ ሕጉ አይከለክላቸውም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መኪና ላይ ናቸው፣ እሷ አልጋዋ ላይ ሆና ልጇ ይሻለዋል እያለች ትጠብቃለች።

ያን ጊዜ ከሲስተር በቀር ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ተናገርኩ። ወተቱን ነገርኳቸው። ሁለት ቀን ተቀብዬ እንደደፋሁት፣ ዓይኑን ገለጠ ብዬ እንደዋሸሁ፣ ማንን ይመስላል ስትለኝ መልስ እንዳጣሁ። በዚያ ዕድሜዬ፣ በዚያ ነጭ ጋወን፣ በሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ፊት አለቀስኩ።

ኸይሩ ቀና አለ። «ከዚያስ ሴትየዋ ምን ሆነች?»

«አላውቅም፣ ልጄ። ያ ነው ክፋቱ። ስለ እሷ የማውቀው የጠየቀችኝን ብቻ ነው።»

ኸይሩ ወደ አባቱ ዞረ። «አባ፣ ዘይነባም ትጠይቀኛለች። እኔም አላየሁትም።»

ሐጂ ጺማቸውን ያዙ። «ብትወድቅብንስ?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሰውየው ጨካኝ አልነበሩም፣ ፈርተው ነው። አዋላጇን ጠራሁ። ደም ግፊቷን ለካች፣ «ደህና ናት፣ እኔ አጠገቧ እቆማለሁ» አለች።

ኸይሩን ወደ ጎን ወስጄ፣ «ደከመ፣ ባሰበት አትበላት። ሞተ በላት። ከዚያ ዝም በል» አልኩት። ገባን። ሐጂ በሩ ላይ ቀሩ። ኸይሩ ከአልጋዋ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ዘይኑ፣ ልጃችን ሞተ።»

እጇ አንሶላውን ጨበጠ። እጇን እያየሁ ጠበቅኩ። እጇ ቀስ በቀስ ሲፈታ፣ «የት ነው ያለው?» አለች።

«እዚሁ ነው፣ ልጄ» አልኩ። «ላምጣልሽ?»

በሩ ላይ የቆሙትን አማቷን አየች። ሐጂም አይተዋት፣ «እኔን ለምን ታይኛለሽ? የአንቺ አይደል እንዴ?» አሏት።

አቅፌ አመጣሁላት። ጨርቁን ገለጠች። እጁን ያዘች፣ ፊቱን አየች፣ ጆሮውን ዳሰሰች። ከዚያ እግሩን ገለጠች፤ እግር የምትገልጥ እናት ብዙም አላጋጠመችኝም። ጣቶቹን ስታይ ከለቅሶዋ መሀል ሳቅ አመለጣት።

«ይሄን እዩልኝ። ሁለተኛው ጣቱ ከአውራ ጣቱ ይረዝማል። የኸይሩ እግር ነው!»

ኸይሩ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል።

«ና እንጂ» አለችው። «ግድግዳው ላይ ምን ትፈልጋለህ? ልጅህ እዚህ ነው።»

መጣ። አየው። የልጁን እግር ከእሷ እጅ ጋር አብሮ ያዘ።

ግቢ ውስጥ ሚኒባሱ ጥሩንባ ነፋ። ሐጂ ሱሩር በኮሪደሩ ፈጥነው ሄዱ። በመስኮት ድምፃቸው ተሰማኝ፦ «አንተ፣ ሞተሩን አጥፋ! የሚያጣድፍህ ምንድን ነው?» ተመልሰው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ከመስጊዱ የዙህር አዛን ተሰማ። እኔ አየኋቸው። እሳቸው ግን አልተነቃነቁም። «ከሰላት በኋላም ይቀበራል» አሉኝ በቀስታ።

ዘይነባ «ሰሚር» ብላ ጠራችው። ስሙን ከወር በፊት አውጥታለት ኖሯል። ግንባሩን ሳመችው። እግሩን ራሷ ሸፈነች፣ ጨርቁን ከቀኝ፣ ከዚያ ከግራ አጠፈች። ልረዳት እጄን ዘረጋሁ፤ አልፈለገችኝም። ከዚያ ቀና ብላ፣ «አባ፣ ይምጡ» አለች።

ሐጂ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፤ ማንም አውልቁ ሳይላቸው። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ይቀበሉኝ» አለች። «ቀስ ብለው ይያዙት።»

ሰጠቻቸው። ማንም አልወሰደባትም።